መረሬው እስኪብላላ

ያደግሁት በሰሜን ሸዋ፣ በሞረትና ጅሩ ሜዳ ላይ ነው። አካባቢውን የሚያውቅ ሰው ስለ ሰንጋው ወይም ስለ ስንዴው ያነሣ ይሆናል፤ እኔን ከሁሉ አስቀድሞ ትዝ የሚለኝ ግን አፈሩ ነው። ጥቁር መረሬ ነው። በሐምሌ የእግረኛን ጫማ ነጥቆ የሚያስቀር ማጥ ይሆናል፤ በጥር ደግሞ እንደ ድንጋይ ይደርቅና የልጅ ክንድ በሚያስገባ ንቃቃት ይከፋፈላል። ልጆች ሳለን ረጅም ዘንግ ወደ ንቃቃቱ እየሰደድን ጥልቀቱን እንለካ ነበር፤ አንዳንዱ ዘንጉን እስከ ጫፉ ይውጠው ነበር። አባቴ ይህን መሬት ሲያማርሩ ሰምቼ አላውቅም። ውሃው እንዲንሸራተትላቸው መደቡን በእጅ ከፍና ዝቅ አድርገው ያበጁታል፣ ሽምብራውንና ጓያውን ዝናቡ ሊወጣ ሲል ይዘሩታል፣ አፈሩም በሆዱ የያዘውን እርጥበት እስከ ኅዳር ድረስ ለሰብሉ ሲመግብ ይከርማል። ውሃ መያዙ ለአራሽ በረከት ነው።

ሲቪል ምህንድስና ልማር ወደ ከተማ ስገባ ይኸው አፈር በሌላ ስም ጠበቀኝ። በመማሪያ ክፍሉ ውስጥ «ችግር ያለበት አፈር» ተብሎ ይጠራ ነበር። በአገራችን 12 ሚሊዮን ሄክታር ገደማ የሚሸፍን፣ ከአዲስ አበባ ምሥራቃዊና ደቡባዊ ሰፈሮች አንሥቶ እስከ በቾ፣ እስከ አድአ፣ እስከ ፎገራ ሜዳ የተዘረጋ መሬት በሁለት ቃል ተጠቅልሎ ሲቀርብ መስማት በጊዜው ከፍቶኝ ነበር። በኋላ ግን መማሪያ ክፍሉ እንዳልተሳሳተ በገዛ እጄ ሥራ አየሁ።

ሥራ በጀመርሁ በሦስተኛው ዓመት ለወላጆቼ ቤት ሠራሁ። ለአርባ ዓመት የኖሩበት የጭቃ ቤት ነበር፤ እኔ በብሎኬት፣ በሲሚንቶ ወለልና በቆርቆሮ ጣሪያ ተካሁት። መሠረቱን የቆፈርሁት አንድ ሜትር እንኳ ሳላደርሰው ነው፤ ገንዘቡ አጠረኝ፣ መሬቱም የበጋ ስለነበር እንደ ዐለት ጠንክሮ አታለለኝ። በመጀመሪያው ክረምት የሳሎኑ በር አልዘጋ አለ። በሁለተኛው በጋ ከመስኮቱ ማዕዘን ተነሥቶ ወደ ጣሪያው ሰያፍ የሚሄድ ስንጥቅ ወጣ፤ በሦስተኛው ክረምት ወለሉ መሐል ላይ እንደ ታምቡር አበጠ። ግቢው ውስጥ የተተከለው ባሕር ዛፍ በበጋ እርጥበቱን ከቤቱ አንድ ወገን አብልጦ ስለሚስበው፣ በዚያ በኩል ያለው ግድግዳ ከሌላው የበለጠ ሰመጠ። አሮጌው የጭቃ ቤት ግን በዚያው መሬት ላይ አርባ ዓመት ቆሞ ነበር። እንጨቱና ጭቃው ከመሬቱ ጋር አብረው ይወዛወዛሉ፣ ጥቂት ቢሰነጠቅም እናቴ በመስከረም መርገው ይደፍኑታል። ብሎኬት ይህን አይችልም። እናቴ ስንጥቁን በጋዜጣ ሸፍነው እንግዳ ሲመጣ እንዳይታይ ሲያደርጉ ባየሁ ጊዜ የተሰማኝን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ስለ ደካማ የሸክላ አፈር በሚገባ ማንበብ የጀመርሁት ከዚያ በኋላ ነው።

የደጋችን ጥቁር አፈር በአብዛኛው የባዛልት ድንጋይ በረጅም ዘመን ፈራርሶ የፈጠረው ነው። በውስጡ የሚያይለው ማዕድን ሞንትሞሪሎናይት የሚባለው ሲሆን፣ አሠራሩ በሞሰብ ውስጥ እንደ ተደራረበ እንጀራ ነው፤ ልዩነቱ የእያንዳንዱ ቅጠል ውፍረት ከአንድ ሚሊ ሜትር ሚሊዮንኛ እጅ ገደማ መሆኑ ነው። ቅጠሎቹ አሉታዊ የኤሌክትሪክ ሙል ስላላቸው እንደ ሶዲየምና ካልሲየም ያሉ አዎንታዊ ሙል ያላቸውን ንጥረ ነገሮች በመካከላቸው ይዘው ይኖራሉ፤ ውሃ ሲመጣ በእነዚህ ዙሪያ እየተሰበሰበ በቅጠሎቹ መካከል ይገባና ይገፈታትራቸዋል። እብጠቱ ይህ ነው። ውሃው ሲወጣ ቅጠሎቹ ተመልሰው ይጠጋጋሉ፣ መሬቱም ይሰነጠቃል። የዚህ ማዕድን አንድ ግራም ውስጡና ውጪው ተዘርግቶ ቢለካ እስከ 800 ካሬ ሜትር የሚደርስ ገጽታ አለው። በቀይ አፈር ውስጥ የሚበዛው ካኦሊናይት ግን በግራም ከ10 እስከ 20 ካሬ ሜትር ብቻ ነው፤ ቅጠሎቹም አጥብቀው ስለሚያያዙ ውሃን ወደ መሐላቸው አያስገቡም። ሁለቱም ሸክላ ይባላሉ፤ ጠባያቸው ግን አይገናኝም።

ከዚህ የሚከተለው ነገር ብዙ ባለሙያዎችን ሳይቀር ያሳስታል። አፈር ደካማ ሲሆን የመጀመሪያው ሐሳባችን በሮለር ደጋግሞ መጠቅጠቅ ነው። መረሬን ደረቅ ሳለ እጅግ አጥብቀን ከጠቀጠቅነው ግን እብጠቱን እናባብሰዋለን፤ በአንድ ክንድ ቦታ ላይ ብዙ ቅጠል አጭቀን ውሃ የተጠማ አድርገን ስለምናስቀምጠው፣ ክረምት ሲመጣ የሚገፋው ኃይል ከቀድሞው ይበልጣል። የሮለር ክብደት የቅጠሎቹን ጠባይ አይቀይረውም። ጠባዩን የሚለውጠው ወይ እሳት ነው ወይ ኬሚካል። እሳቱን አባቶቻችን ያውቁታል፤ አፈሩን ሸክላ ሠሪዎች በእሳት ካሳለፉት በኋላ በውሃ ተመልሶ ጭቃ አይሆንም፣ በሸዋ ደጋም ገበሬዎች አፈሩን ከእበትና ከሣር ሥር ጋር ከምረው እያጋዩ እርሻቸውን ያለዝቡ ነበር። የመንገድ ርዝመት ሙሉ አፈር ማጋየት ግን አይቻልም። ስለዚህ እሳቱ በሌላ ቦታ፣ በኖራ ምድጃ ውስጥ ይነድና ኃይሉ በነጭ ዱቄት ተቋጥሮ ወደ መሬቱ ይመጣል።

ኖራ ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም፤ በ17ኛው መቶ ዘመን የተነሡት የጎንደር ግንቦች ድንጋይ የተያያዘው በኖራ ነው። የኖራ ድንጋይ 900 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ሲሞቅ የያዘውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቃል፤ ከ100 ኪሎ ንጹሕ ድንጋይ 56 ኪሎ ውሃ ያልነካው ኖራ ይቀራል። ይህ ኖራ ውሃ ሲያገኝ እየፈላና እየጋለ ወደ 74 ኪሎ የበረደ ኖራ ይለወጣል። ሁለቱም ለአፈር ይሠራሉ። ውሃ ያልነካው ኖራ በረጠበ መሬት ላይ ተጨማሪ ጥቅም አለው፤ ውሃውን ራሱ ይጠጣል፣ በሙቀቱም ያተናል፣ ስለዚህ መኪና የማያስገባን ማጥ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ያደርቃል። ነገር ግን ዓይንን ያሳውራል፣ ላብ ያለበትን ቆዳ ያቃጥላል። በባዶ እጃቸውና በተከፈተ ጫማ ኖራ የሚበትኑ የቀን ሠራተኞችን አይቻለሁ፤ መነጽር፣ ጓንትና የአፍ መሸፈኛ ሳይቀርብ ኖራ ይበተን ብሎ የሚያዝ መሐንዲስ በሰው ዓይን ላይ እየወሰነ መሆኑን ማወቅ አለበት።

ኖራው ከመረሬው ጋር ሲቀላቀል ሁለት የተለያዩ ነገሮች ይፈጸማሉ፤ ጥፋታችን የሚመነጨው እነዚህን ሁለቱን አንድ አድርገን በማየታችን ይመስለኛል። የመጀመሪያው ፈጣን ነው። ከኖራው የሚወጣው ካልሲየም በቅጠሎቹ መካከል የነበሩትን ሌሎች ንጥረ ነገሮች እያስወጣ ቦታቸውን ይይዛል፣ በቅጠሎቹ ዙሪያ የነበረው የውሃ ካባ ይሳሳል፣ ደቃቆቹ ቅንጣቶችም እየተያያዙ ወደ ትላልቅ ፍርፋሪ ይለወጣሉ። በሰዓታት ውስጥ ያ በጫማ ላይ የሚጣበቅ ጭቃ በእጅ የሚፈረፈር ይሆናል። ዓይን የሚያየው ለውጥ ይህ ስለሆነ ሁሉም ሰው ሥራው አለቀ ይላል። ሁለተኛው ግን ገና አልጀመረም ማለት ይቻላል። ኖራው የአፈሩን ውሃ ፒኤች (የአሲድነትና የአልካሊነት መለኪያ) ወደ 12.4 ከፍ ሲያደርገው በሸክላው ውስጥ ያሉት ሲሊካና አሉሚና ቀስ በቀስ መሟሟት ይጀምራሉ፤ ከካልሲየሙ ጋር ሲገናኙም ሲሚንቶን የሚያጠነክሩትን ዓይነት ውሕዶች ይፈጥራሉ። ይህ በሳምንታት፣ በወራት፣ እንዲያውም በዓመታት የሚሄድ ሥራ ነው። ብርድ ያዘገየዋል፤ ከ10 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች በእጅጉ ይተኛል፣ የደጋ ሌሊት ይህን ያህል እንደሚበርድ ደግሞ የደብረ ብርሃን ሰው ያውቃል። ከሁሉ በላይ የፒኤች ከፍታው እንዲቆይለት ይፈልጋል። ኖራው አነስተኛ ከሆነ ሁሉም በመጀመሪያው ሥራ ላይ ያልቅና ለሁለተኛው የሚተርፍ ነገር አይኖርም።

ለዚህም ነው እ.ኤ.አ. በ1966 ኢድስና ግሪም የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ያቀረቡት ፈተና እስከ ዛሬ የሚያገለግለው። ጥቂት አፈር በየጠርሙሱ ይደረጋል፣ በየጠርሙሱ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት፣ ስድስት በመቶ ኖራና የተጣራ ውሃ ይጨመራል፣ ለአንድ ሰዓት እየተናጠ ይቆይና ፒኤቹ ይለካል። 12.4 የደረሰው ትንሹ መጠን የሥራው መነሻ ይሆናል። አንድ ረፋድ የሚወስድ፣ ከአንድ ገልባጭ ነዳጅ ያነሰ ወጪ ያለው ፈተና ነው። በብዙ ቦታ ግን «ኖራ አምስት በመቶ ነው» ተብሎ ከአንዱ ሥራ ወደ ሌላው ይገለበጣል። አፈር ከጉድጓድ ጉድጓድ ይለያያል፤ ኖራም ከምድጃ ምድጃ ይለያያል።

ይህን የምጽፈው እኔው ራሴ የፈጸምሁትን ስሕተት አስታውሼ ነው። በአንዲት ትንሽ ከተማ መግቢያ ላይ የመንገድ ሥራ ነበረን፤ የማቴሪያል መሐንዲሱ እኔ ነበርሁ። የመሬቱ ሲቢአር (ሸክም የመቻል አቅሙን በመቶኛ የሚገልጸው መለኪያ) ከ3 በታች ነበር፤ ይህም በአገራችን የመንገድ ዲዛይን መመሪያ ከኤስ1 እስከ ኤስ6 ከተደረደሩት የመሬት ደረጃዎች በታችኛው ላይ የሚያስቀምጠው ነው። ቆርጦ ጥሎ ከሩቅ ሰለክት (የተመረጠ ጠንካራ አፈር) ከማምጣት ይልቅ ሙከራ በሚሆን ክፍል ላይ ኖራ እንድንጠቀም ሐሳብ ያቀረብሁትም እኔ ነኝ። ሐሳቡ ጸደቀ። ኖራው በጥቅምት መጥቶ በተቀደደ ሸራ ሥር እስከ መጋቢት ተቀመጠ። መቀላቀያ ማሽን ስላልነበረ በግሬደር ምላጭ ወዲያና ወዲህ እያገላበጥን አቀላቀልነው፣ ቦቴው ውሃ ረጨበት፣ በዚያኑ ቀን ማታ ሮለሩ አለፈበት። ጊዜው ጠቦን ነበር፤ ፈረምሁ።

በመስከረም ያ ክፍል ከጎኑ ካለው ያልታከመ መሬት ተለይቶ የሚታወቀው በተተከለበት ምልክት ብቻ ነበር። ተመልሼ ጉድጓድ አስቆፈርሁ። ፌኖልፍታሊን የሚባል ኬሚካል በአልኮል በጥብጠን በተቆረጠው ግድግዳ ላይ ረጨነው፤ ይህ ፈሳሽ ኖራ ገና በሕይወት ባለበት ቦታ ሮዝ ይሆናል፣ በሌለበት ግን ቀለም አያወጣም። የላይኛው አንድ ስንዝር ያህል ተበጣጥሶ ሮዝ ሆነ። ከዚያ በታች ጥቁር ነበር። ሮዝ በሆነው ክፍል ውስጥ እንኳ የቡጢ ያህል ጓሎች ነበሩ፤ ሰብረን ስናያቸው ቅርፊታቸው ሮዝ፣ ሆዳቸው ጥቁር መረሬ ሆኖ ተገኘ። ከተረፉት ጆንያዎች ባንዱ ላይ አሲድ ጠብ ሳደርግበት እንደ ጠላ ድፍድፍ አረፋ ደፈቀ፤ ኖራው በሸራው ቀዳዳ የአየሩን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲጠጣ ከርሞ ወደ ተነሣበት ድንጋይ ተመልሶ ነበር። በስድስት ወር ውስጥ ነጭ ዱቄት ሆኖ የቆየን ነገር ኖራ ነው ብለን ገዝተን፣ መዝነን፣ በትነን፣ ሒሳቡንም ከፍለናል። አንድ ጠብታ አሲድ በመጋቢት ጠብ አድርጌ ቢሆን ኖሮ ሁሉ በአምስት ደቂቃ ይታወቅ ነበር።

ካፖው፣ የሠራተኞቹ አለቃ፣ በዕድሜ አባቴን የሚያህሉ፣ ከልጅነታቸው ጀምሮ ቤት ሲመርጉና ሲገነቡ የኖሩ ሰው ነበሩ። ጉድጓዱ አፋፍ ላይ ቆመው ጓሉን በእጃቸው አገላብጠው ካዩት በኋላ፣ «ኢንጂነር፣ ጭቃ ስታቦካ ስንት ቀን ታሳድረዋለህ?» አሉኝ።

«ሦስት አራት ቀን፣ ጋሼ» አልኋቸው፤ በልጅነቴ ከእናቴ ጋር ጭቃ የረገጥሁ ነኝና አውቀዋለሁ።

«ጭድና ውሃ ብቻ ለገባበት ሦስት አራት ቀን። ሳይብላላ ከለጠፍኸው ይረግፋል። ታዲያ ይህን በአንድ ቀን ምን አስቸኮላችሁ?»

መልስ አልነበረኝም። በመጽሐፉ ውስጥ ያለው ነገር ሌላ አይደለምና። ኖራ የተቀላቀለ ከባድ ሸክላ በመጀመሪያ ቀላቅለውት ከ24 እስከ 72 ሰዓት ረጥቦና ቀለል ባለ ጥቅጠቃ ተሸፍኖ እንዲያድር፣ ጓሎቹ ከውስጥ እየፈረሱ እንዲለዝቡ፣ ከዚያም ዳግመኛ ተቀላቅሎ እንዲጠቀጠቅ መመሪያዎቹ ይላሉ። እኔ ያንን አንቀጽ አንብቤው ነበር፤ የመርሐ ግብሩ ሠንጠረዥ ውስጥ ግን ቦታ አላገኘሁለትም። ካፖው ያሉትን «ማብላላት» የሚለውን ቃል ከዚያ ቀን ጀምሮ በራሴ ሰነዶች ሁሉ ላይ እጠቀምበታለሁ፤ ነገሩን ከየትኛውም የውጭ ቃል በተሻለ ይገልጸዋል፣ የምርጊት ጭቃ የረገጠ ሠራተኛም ማብራሪያ ሳያስፈልገው ይረዳዋል።

ሁለተኛውን ሙከራ በ40 ሜትር ላይ ሠራን። አዲስ የተቃጠለ ኖራ አስመጣን፣ መጠኑን በፒኤች ፈተናው ወሰንን፣ ጓሉን በማረሻና በእጅ ዶማ ጭምር ፈረካከስነው፣ ሁለት ሌሊት አሳድረን ዳግመኛ ቀላቀልነው፣ ከተጠቀጠቀ በኋላም ሰባት ቀን ሙሉ እንዳይደርቅ ውሃ እያርከፈከፍን ጠበቅነው። በዚህም መካከል ሌላ ችግር ገጠመን። ተቆጣጣሪው የጥቅጠቃውን ልኬት አይቶ «አልደረሰም፣ ሮለሩ ይደገም» አለ። ልኬቱን የሚያወዳድረው ካልታከመው አፈር ከፍተኛ እፍጋት ጋር ነበር። ኖራ ግን ቅንጣቶቹን አያይዞ ክፍተት ያለው ፍርፋሪ ስለሚያደርጋቸው የአፈሩ ከፍተኛ እፍጋት ይቀንሳል፣ ለጥቅጠቃ የሚስማማው የውሃ መጠንም ይጨምራል። እነዚህን ሁለቱን የሚለካው የፕሮክተር ፈተና ኖራ በተቀላቀለበት አፈር ላይ መደገም ነበረበት። ባይደገም ኖሮ በቁጥር ያልደረሰውን በኃይል ለማድረስ ስንል የተያያዘውን እንሰባብረው ነበር። ከግማሽ ቀን ክርክር በኋላ ተደገመ፤ ልኬቱም በቂ ሆኖ ተገኘ።

ይህ ሥራ በሌላው ዓለም ከተለመደ ቆይቷል። በቴክሳስ የሚያብጠው ሸክላ ብዙ ስለሆነ የመንገድ ሰዎች ኖራን ከሌሎች ቀድመው የለመዱት እዚያ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1974 የተከፈተው የዳላስ ፎርት ዎርዝ አውሮፕላን ማረፊያ ንጣፎች ሥር ያለው አፈር በኖራ የታከመ ነው። እኔን ይበልጥ የሚያሳምነኝ ግን የካሊፎርኒያው የፍርያንት ከርን ቦይ ነው። በሚያብጥ ሸክላ ውስጥ የተቆፈረ የመስኖ ቦይ ሲሆን፣ ዳርቻው እየተናደ ካስቸገረ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ አፈሩ ከክብደቱ 4 በመቶ ያህል ኖራ ተቀላቅሎበት ተመልሶ ተሠራ፤ ከአሥርተ ዓመታት በኋላም ጥንካሬው አልከዳውም። ውሃ ሌት ተቀን የሚያጥበው ዳርቻ ከቆመ የእኛን ክረምት የማይችልበት ምክንያት አይታየኝም።

ይሁን እንጂ ኖራ የማይነካበት መሬት አለ፤ ይህን ሳይናገሩ ማለፍ ጥፋት ነው። አፈሩ ጂፕሰምን የመሰለ ሰልፌት ካለበት፣ ኖራው ከሸክላው አሉሚናና ከሰልፌቱ ጋር ተዋሕዶ ብዙ ውሃ የሚሸከም ኤትሪንጋይት የሚባል ክሪስታል ያበቅላል፤ ለማጠንከር የገባው መድኃኒት መሬቱን ከቀድሞው አብልጦ ያሳብጠዋል። በላስ ቬጋስ የስቱዋርት ጎዳና ላይ በኖራ የታከመው ንጣፍ ከተሠራ ከሁለት ዓመት ገደማ በኋላ እየተነሣ የፈረሰበትን ሁኔታ ጄምስ ሚቸል የተባሉት መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1986 ካሳተሙት ወዲህ ማንም አላወቅሁም ሊል አይችልም። በባዛልት ላይ የተኛው የደጋ መረሬ ከዚህ አደጋ በአብዛኛው የራቀ ነው። በዓባይ ሸለቆ በጎሃ ጽዮን በኩል ያለው ድንጋይ ግን ጂፕሰም አለበት፤ በመቀሌ ዙሪያ ካለው የሸል ድንጋይ የሚወጣው ሸክላም እንዲሁ ሊኖርበት ይችላል። በእነዚህ ቦታዎች የሰልፌት ምርመራ ሳይደረግ አንድ ጆንያ ኖራ እንኳ መፈታት የለበትም።

ሲሚንቶስ የሚል ጥያቄ ሁልጊዜ ይነሣል። ሲሚንቶ አሸዋማ ለሆነ፣ ብዙ ለማይጣበቅ አፈር መልካም ነው፤ መረሬ ላይ ግን ቶሎ ስለሚጠነክር ጓሎቹ ሳይፈርሱ በላያቸው ላይ ደርቆ ይቀራል። ለመብላላት ጊዜ አይሰጥም። መጀመሪያ ኖራ፣ አፈሩ ከተፈረፈረ በኋላ ጥቂት ሲሚንቶ ማድረግ ግን ይቻላል። ከዚህ ይልቅ የሚያጓጓኝ የራሳችን እሳተ ገሞራ የተወልን ነገር ነው። ከቢሾፍቱ ጀምሮ ስምጥ ሸለቆውን ተከትሎ ያለው ሬድ አሽ (ቀዩ የእሳተ ገሞራ ጠጠር) እና ነጭ ፐሚስ (ቀዳዳ የበዛበት ቀላል ድንጋይ) ሲሊካ ያለበት ነው፤ ፐሚሱንም የሲሚንቶ ፋብሪካዎቻችን እየፈጩ ይቀላቅሉታል። በደቃቁ ተፈጭቶ ከኖራ ጋር ቢገባ ለኖራው ተጨማሪ ሲሳይ ይሆነዋል፣ ሳይፈጭ ቢገባም የጥቁሩን አፈር ድርሻ ይቀንሳል። በጠርሙስ የሚሸጡትን፣ በሊትር ውሃ ላይ በጠብታ ተጨምረው መንገድ ይሠራሉ የሚባሉትን ፈሳሾች በተመለከተ ግን ሻጩ በእኛው አፈር ላይ፣ በውሃ ተነክሮ የተለካ ውጤት ካላሳየኝ በቀር አልፈርምም።

ስለ ወጪ ሲነሣ ሒሳቡን እንዲህ አስቀምጠዋለሁ። ስፋቱ አሥር ሜትር የሆነ መንገድ ሥር አንድ ሜትር መረሬ ቆርጠን ብንጥል በአንድ ኪሎ ሜትር 10,000 ሜትር ኩብ ይወጣል፤ 16 ሜትር ኩብ በሚጭን ገልባጭ፣ አፈሩ ሲቆፈር የሚያብጠውን ሳንቆጥር፣ 625 ምልልስ ነው፣ ሰለክቱን ለማምጣትም ሌላ 625። የላይኛውን 30 ሳንቲ ሜትር ብናክም ደግሞ 3,000 ሜትር ኩብ፣ በደረቅ ክብደቱ 3,900 ቶን ያህል አፈር ይሆናል፤ አምስት በመቶ ኖራ 195 ቶን ነው፣ ይህም ትልልቅ ተሳቢዎች በጥቂት ምልልስ የሚያመጡት ነው። ሁለቱ እኩል አይደሉም፤ ከታከመው በታች ያለው መረሬ አሁንም ያብጣል፣ ስለዚህ ቦዩን ከመንገዱ ማራቅ፣ ትከሻውን ማስፋትና ውሃውን መከልከል ግድ ነው። ቢሆንም ልዩነቱ ብዙ ነው። ቆርጠን የጣልነው ጥቁር አፈር የሆነ ሰው ማሳ ላይ ያርፋል፤ ሰለክቱ የወጣበት ካባም አፉን ከፍቶ ይቀራል፣ በክረምት ውሃ ይሞላል፣ የእረኛ ልጆችም ይዋኙበታል። እንዲህ ባለ ጉድጓድ ውስጥ ልጅ የሞተባት እናት በሠፈራችን ነበረች። ለዚህ በዝርዝር ዋጋው ውስጥ የተያዘ መሥመር የለም።

ከሁለተኛው ሙከራ ሁለት ክረምት አለፈ። ባለፈው ዓመት በጥር ወደዚያ ስመለስ 40 ሜትሯ ጎኗና ጎኗ ካለው ንቃቃት ተለይታ ደህና ተኝታ አገኘኋት። በዶማ ጓል ፈልቅቄ፣ ሌላም ከጎኑ ካልታከመው መሬት ወስጄ፣ በፌስታል ጠቅልዬ ወደ ወላጆቼ ቤት ሄድሁ። አባቴ በረንዳ ላይ ተቀምጠው ነበር። ሁለት የውሃ ጣሳ አምጥቼ ሁለቱን ጓሎች በየጣሳው ጨመርሁ። መረሬው ወዲያው መፍላት ጀመረ፤ አረፋ እያወጣ ተሰነጠቀ፣ ቡናው ሁለተኛ ሳይቀዳ ከጣሳው ሥር ለጥ ብሎ ጭቃ ሆነ። የታከመው ጥቂት አረፋ አውጥቶ ዝም አለ። ሌሊቱን እዚያው ተወሁት።

ማለዳ አባቴ ቀድመውኝ ተነሥተው ነበር። ጓሉን ከጣሳው አውጥተው በመዳፋቸው ይዘውታል፤ ቅርጹ እንዳለ ነው። በአውራ ጣታቸው ጫን አሉት፣ አልጎደጎደም። አሸተቱት። ጥፍራቸውን ሰደዱበት፣ ጠርዙን ቆረስ አድርገውም በጣታቸው መሐል ፈተጉት።

«ይሄ የኛው አፈር ነው?» አሉ።

«የኛው ነው፣ አባባ። ኖራ ገብቶበት ነው።»

ጥቂት ዝም ብለው ከቆዩ በኋላ፣ «እህል ያበቅላል?» ሲሉ ጠየቁኝ።

«አያበቅልም» አልኋቸው።

«እንግዲያስ ከመንገዱ አታሳልፈው» ብለው ጓሉን መልሰው በእጄ ላይ አኖሩት፤ ከዚያም ስንጥቅ ያለበትን ግድግዳ በዓይናቸው እያመለከቱ፣ «ከዚህ ሥርስ ይገባል?» አሉኝ። በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ሜትርና ዶማ ይዤ በቤቱ ዙሪያ ጉድጓድ መለካት ጀመርሁ፤ አባቴም ባሕር ዛፉን ለማስቆረጥ መጥረቢያ ሊዋሱ ጎረቤት ዘንድ ሄዱ።